ከእጄ አንድ ሰከንድ በፊት

ዝናብ ነው ማልፒካ፤ ከሌሊቱ አስራ አንድ።
ጀልባዎቹ ገና ናቸው፤ ጨለማ ነው የወደቡ መንገድ።
ከዓሣ ጨረታው ቤት፣ ከበረዶው መጋዘን በላይ፣
ሁለት መስኮት ከፍቻለሁ፣ ጎን ለጎን፣ ስክሪኔ ላይ፤
አንዱ መሞከሪያ፣ አንዱ እውነተኛ፤
ልብስ የተዋዋሱ መንትዮች ናቸው፣ ለቸኮለ ዳኛ።

የኡሺያን የጠፋ ሂሳብ ልፈልግ ነው የተነሳሁት፣
የአርባ ኪሎ ኦክቶፐስ ደረሰኝ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ያጣሁት፤
የሦስት ሳምንቱን ቅጂ በመሞከሪያው ልዘረጋ፣
መልስ ሰጥቻት ልተኛ፣ ሳይነጋ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አውቃለሁ፤
በየትኛው መስኮት እንደቆምኩ ሳላይ «ኢንተር»ን ተጭኛለሁ።

ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም አለች።
ከዚያ አንድ ቃል፦ «ተጠናቀቀ»።
ቤት አቃጥሎ እንዲህ በትሕትና የሚናገር አይቼ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ሄደ።
የሳርዲኑ ሌሊት፣ የማዕበሉ ሐሙስ፣
ብሬሾ በብድር የገዛት ጀልባ፣ ስሟ ሳይቀር፣
ዓርብ የሚከፈል የመቶ አስር ሰው ገንዘብ።
ባሕሩ ንጹሕ ነው፤
ያሰጠምኩት እኔ ነኝ፣ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

በሰባተኛው ደቂቃ ስልኬ ጮኸ፤ ማስጠንቀቂያው ነው፤
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለካ ይኸው ነው።

ላ ኮሩኛ ያለችውን አንቲያን ቀሰቀስኳት።
አልተቆጣችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።
«እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ፤ ኪስህ ክተተው።
በሩን ዝጋ፣ ማንም አዲስ ነገር አይጻፍበት።
ፍርስራሹን ቅዳ፤ ፍርስራሽም ይቀዳል።
ከዚያ የውሎ መዝገቡን ፈልግ፤
እሱ አይረሳም፤ ይቅርም አይልም።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል።
አፈስኩት፤ ጠብታ በጠብታ፣ በፈሰሰበት ተራ።
ሃያ አንድ ቀን በፊቴ እንደገና ተኖረ፦
ጀልባ ገባ፣ ተመዘነ፣ ተሸጠ፤
ሽማግሌው ሴሌስቲኖ ሃምሳውን ሰባ ብሎ ጻፈ፣
ሰባውን ሰርዞ ሃምሳ አለ፤
ስሕተቱም ተደገመ፣ እርማቱም።
በአስራ አራተኛው ቀን ኦሊምፒያ ተሰለፈች፤
ማዕበል ከሚገርፈው ቋጥኝ የፈለቀቀችው ፔርሴቤ፣ ስድስት ኪሎ።
ቀጣዩ መስመር ስሟን የሚሰርዘው ነው፤
በማግስቱ ቋጥኙ ላይ ቀርታለችና።
እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።
ጣቴ ኪሴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

«የት ላይ ላቁም?» ይጠይቃል ማሽኑ፤ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ።
ከእጄ አንድ ሰከንድ በፊት፣ ብዬ ጻፍኩ።
ስንቱ ነው በዕድሜው ይህን የተጠየቀ?
ማሽኑ ግን አልደረሰም፤
የመጨረሻዋ ገጽ ሳትገለበጥ ከቀሩት ጋር ጠፍታለች፤
የትናንት ማታው ጨረታ፣ ማብቂያው፣ አርባ አንድ ደቂቃ።

ስለዚህ ወረድኩ።
ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዝናቡ ላይ፣ እርሳስ ይዤ፣
አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፦ ትናንት መጨረሻ ላይ ምን ሸጣችሁ?
ኡሺያ ከሸጠችው ያነሰ ነገረችኝ፤ ገዢው ነው ያረማት።
ብሬሾ ሠላሳ ኪሎ ጨመረ።
ሣጥኑን አብሬው ተሸክሜያለሁ፤ ክብደቱን ትከሻዬ ያውቃል።
ጻፍኩለት፤
ልዩነቱ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ብዬ ፈረምኩ።
የሁሉንም በአንድ ቃል የሻርኩ ሰው
እሱን በምን አፌ ውሸታም ልበለው?

አሁን እውነተኛው መስኮት ቀይ ነው፤ እንደ ቁስል።
በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ፣ በባዶ ማሽን ላይ፣
ያንኑ የድሮ ቅጂ እዘረጋለሁ፣ መዝገቡን አስከትዬ።
ለልምምድ ነው፤ ደንቡ ያዛል፤ አንቲያ ትፈርማለች።
ኦሊምፒያ ቅርጫቷን ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ አያታለሁ።
ከዚያ፣ አላቆመውም።